ከስቴት ውጪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር፦ የክፍያው ልዩነት ከየት ይመጣል? ያለ ወለድስ እንዴት ይቀነሳል?

አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያላቸው ቤተሰቦች በየዓመቱ ማርችና ኤፕሪል ላይ የዩኒቨርሲቲዎችን መልስ ይጠብቃሉ። አስተማሪ የነበረ ሰው እንደሚያውቀው ወላጅ ቀድሞ የሚጠይቀው «ገባ ወይ?» ብሎ ነው። «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው የደስታው ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ልጁን የተቀበለው በሌላ ስቴት ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ግን ሁለተኛው ጥያቄ መቅደም አለበት። ምክንያቱም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዋጋ አለው፤ አንዱ ለስቴቱ ነዋሪ፣ ሌላው ከውጪ ለሚመጣ።

ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት በ2024/25 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ዘመን በአራት ዓመት የመንግሥት ተቋማት የነዋሪ አማካይ የትምህርት ክፍያ በዓመት 11,610 ዶላር ነበር። ከስቴት ውጪ የሚመጣው ደግሞ 30,780 ዶላር ከፍሏል። ይህ እንግዲህ የዶርም፣ የምግብ፣ የመጽሐፍና የጉዞ ወጪን አይጨምርም። በታወቁት ዩኒቨርሲቲዎች ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። በአን አርበር የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የስቴቱን ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በታች ሲያስከፍል፣ ከውጪ የመጣውን ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላል። ሁለቱ ተማሪዎች የሚቀመጡት አንድ ክፍል ውስጥ፣ የሚያዳምጡትም አንድ መምህር ነው።

ብዙ ቤተሰቦችን የሚያሳስተው «የመንግሥት» የሚለው ቃል ነው። እዚህ ላይ መንግሥት ማለት የስቴቱ መንግሥት እንጂ የፌዴራሉ አይደለም። የቨርጂኒያ ግብር ከፋይ የቨርጂኒያን ዩኒቨርሲቲዎች በታክሱ ይደግፋል፤ ልጁ በቅናሽ የሚማረውም በዚያ ሒሳብ ነው። ታክሱን ለሜሪላንድ የከፈለ ሰው ቨርጂኒያ ሲሄድ ሙሉ ዋጋ ይጠየቃል። ሌላም ነገር አለ። ስቴቶች ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው የሚመድቡት በጀት ሲቀንስ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጉድለቱን የሚሞሉት ሙሉ ዋጋ በሚከፍሉ የውጪ ተማሪዎች ነው። ስለዚህ ከሌላ ስቴት የመጣ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ደብዳቤ የልጁን ጉብዝና ቢመሰክርም፣ ለዩኒቨርሲቲው የገቢ ምንጭም ነው። ተቀበሉት ማለት ረዱት ማለት አይደለም።

ነዋሪ የሚባለው ማን ነው?

በዋሽንግተን አካባቢ ያለውን ማኅበረሰባችንን እንውሰድ። ለጁሙዓ አንድ መስጂድ የሚገናኙ ሦስት ቤተሰቦች አሉ እንበል፤ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ አሌክሳንድሪያ፣ ሌላው ዲሲ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። በመኪና ቢበዛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ ኮሌጅ ፓርክ ባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በነዋሪ ዋጋ ይማራል። የአሌክሳንድሪያው ልጅ እዚያው ሲገባ የውጪ ሰው ነው። የዲሲው ልጅ ለሁለቱም ስቴቶች የውጪ ሰው ነው። ለኑሮ አንድ ከተማ የሚመስለው ቦታ ለሬጅስትራሩ ሦስት አገር ነው ማለት ይቻላል።

ሕጉ የሚፈልገው «ቋሚ መኖሪያ» የሚባለውን ነው። ይህም በስቴቱ ውስጥ በአካል መኖርንና እዚያው የመቅረት ሐሳብን ያጣምራል። አብዛኞቹ ስቴቶች ትምህርት ከመጀመሩ በፊት 12 ወር ሙሉ መኖርን ይጠይቃሉ። ካሊፎርኒያ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ትላለች። መንጃ ፈቃድ፣ የስቴቱ የታክስ ሪተርን፣ የመኪና ምዝገባ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ደብዳቤ እንደ ማስረጃ ይቀርባሉ። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁሉም ወደ አንድ ስቴት ሲያመለክቱ ነው የሚያሳምኑት። ቨርጂኒያ እየኖረ የመኪናውን ታርጋ ከሌላ ስቴት ያላነሳ አባት በራሱ ላይ ማስረጃ አዘጋጅቷል።

ዋናው ነጥብ ግን ልጁ ከ24 ዓመት በታች ከሆነና በወላጆቹ ገንዘብ የሚኖር ከሆነ፣ በአብዛኛው የሚታየው የእሱ ሳይሆን የወላጆቹ መኖሪያ መሆኑ ነው። «አንድ ዓመት በውጪ ዋጋ ይማር፤ ከዚያ ነዋሪ ይሆናል» የሚለው በየቡና ጠረጴዛው የሚሰማ ምክር ብዙ ቤተሰብ ላይ ከባድ ኪሳራ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉ ጊዜውን እየተማረ ያሳለፈው ዓመት «ለትምህርት የመጣ» ተብሎ ይቆጠራል እንጂ ነዋሪ አያደርገውም። በሁለተኛው ዓመትም፣ በአራተኛውም ያው የውጪ ዋጋ ይጠብቀዋል። ወላጆቹ በተለያየ ስቴት የሚኖሩ ልጅ ግን የተለየ ዕድል ሊኖረው ይችላል፤ ከሁለቱ ወላጆች በአንዱ በኩል ነዋሪነትን የሚሰጡ ስቴቶች አሉና መጠየቅ ተገቢ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ጠቃሚ ውሳኔዎች ሰጥቷል። በ1973 ከኮነቲከት በመጣ ክስ ላይ፣ ስቴት ለውጪ ተማሪ ዋጋ መጨመር ይችላል፤ ነገር ግን ተማሪው እውነተኛ ነዋሪ መሆኑን የሚያስረዳበትን በር እስከ ምረቃው ድረስ መዝጋት አይችልም አለ። በ1982 ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጂ-4 ቪዛ ያላቸውን፣ ማለትም የዓለም ባንክና መሰል ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን፣ በቪዛቸው ዓይነት ብቻ ከነዋሪነት ማገዱን ሕገ ወጥ ብሎታል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ነዋሪ መሆን ይችላል። አንዳንድ ስቴቶች ለስደተኞች የአንድ ዓመቱን ጥበቃ ጭምር ያነሳሉ። ዲቪ ደርሷቸው የመጡ ቤተሰቦች ግን ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከገቡበት ቀን መሆኑን ማወቅ አለባቸው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ዘመድ ቤት አርፎ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሌላ ስቴት መዛወር፣ ለ12ኛ ክፍል ልጅ የአንድ ዓመት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው ወይም የጥገኝነት ውሳኔ የሚጠብቁ ልጆችን በተመለከተ ሕጉ ከስቴት ስቴት በጣም ይለያያል። ካሊፎርኒያ ከ2001 ጀምሮ በስቴቱ ሦስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ የተማረና ያጠናቀቀ ልጅን ከውጪ ዋጋ ነፃ ታደርጋለች። ቴክሳስም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር፤ በጁን 2025 ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የፌዴራሉ መንግሥት ሚኒሶታን ጨምሮ ሌሎች ስቴቶችን ከስሷል። የአምናውን መረጃ ይዞ መወሰን እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

ሁለት ነገሮችን ጠበቅ አድርጌ ልናገር።

የመጀመሪያው የመራጭነት ካርድ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በነዋሪነት ማስረጃ ዝርዝር ውስጥ የመራጭነት ምዝገባን ይጠቅሳሉ። ይህ ለዜጋ ብቻ ነው! ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማስረጃ ለማሟላት ብሎ፣ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የቀረበለትን ቅጽ ሳያነብ ፈርሞ በመራጭነት ቢመዘገብ፣ ዜጋ ነኝ ብሎ የዋሸ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ጉዳቱም ዜግነት ከመከልከል እስከ ከአገር መባረር ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲው ይህን ማስረጃ ካላቀረቡ ሰዎችም ሌላውን ይቀበላል። ዘልለው ይለፉት።

ሁለተኛው የአጎት አድራሻ ነው። «የአክስቱን ቤት አድራሻ እንጻፍለት» የሚለው ሐሳብ በማኅበረሰባችን ውስጥ እንደ ዘመድ ትብብር ሲቆጠር ይታያል። ማመልከቻው ላይ የሚፈረመው ግን ቃሉ እውነት ስለመሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲው የወላጆችን ታክስ ሲጠይቅ ነገሩ ይወጣል፤ ያኔ ያለፉትን ሴሚስተሮች ልዩነት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያስከፍልና ልጁን በዲሲፕሊን ሊቀጣ ይችላል። ይህ ባይሆን እንኳ የሐሰት ምስክርነት በዲናችን ከታላላቅ ወንጀሎች የሚቆጠር መሆኑን አንባቢ አይስተውም። ልጅን በዚህ መንገድ ወደ ዕውቀት መላክ ለእኔ የማይዋጥ ነገር ነው።

የፌዴራሉ እርዳታ ልዩነቱን አይሸፍንም

ፋፍሳ ከሞላን ይረዱናል የሚል ተስፋ አለ። ፋፍሳን መሙላት ግዴታ ነው፤ ተስፋው ግን መለካት አለበት። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጠውና የማይመለሰው ፔል ግራንት ከፍተኛ መጠኑ በ2025/26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር ልጁ ከቤቱ አጠገብ ቢማርም፣ አገር አቋርጦ ቢሄድም አይለወጥም። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ተማሪ ደግሞ ጨርሶ አያገኘውም።

ከግራንቱ በኋላ ያለው ብድር ነው። በወላጆቹ ሥር ያለ ተማሪ ከፌዴራሉ መንግሥት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር መበደር ይፈቀድለታል። በአራት ዓመት 27,000 ዶላር ማለት ነው። ከላይ ባየነው አማካይ ዋጋ መሠረት የነዋሪና የውጪ ተማሪ ልዩነት በዓመት 19,170 ዶላር ነው፤ በአራት ዓመት 76,680 ይደርሳል። ልጁ የተፈቀደለትን ብድር ሁሉ ቢወስድ እንኳ ከልዩነቱ ብቻ ወደ 50 ሺህ ዶላር ይቀራል። መሠረታዊው ክፍያ፣ ዶርሙና ምግቡ ገና አልተነኩም።

ይህን ጉድለት ለረጅም ጊዜ ሲሸፍን የኖረው ፓረንት ፕላስ የሚባለው፣ በወላጅ ስም የሚወሰድ ብድር ነው። በ2025/26 ወለዱ 8.94 በመቶ ነው። እስካሁን ወላጅ የጎደለውን ያህል ሁሉ መበደር ይችል ነበር። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ ማግኘት አይችልም። የታላቅ ወንድሙ ትምህርት በዚህ መንገድ ተሸፍኖ ከነበረ፣ የታናሹ በዚያው ስሌት አይሄድም። ቀሪውን ለመሙላት ወደ ግል ባንክ መሄድ ደግሞ ወለዱንም ግዴታውንም የሚያከብድ ነው።

እንግዲህ ሙስሊም ቤተሰብ እዚህ ላይ ሲደርስ የወለድ ጥያቄ ይነሳል። በውሉ ላይ ወለድ የሰፈረበት ብድር ሪባ ነው የሚለው የአብዛኞቹ ዑለማዎች አቋም ነው። ደሩራን፣ ማለትም አስገዳጅ ችግርን መሠረት አድርገው በጠበበ ሁኔታ የፈቀዱም አሉ። በፌዴራሉ ብድር ውስጥ «ሰብሲዳይዝድ» የሚባለው ክፍል ተማሪው እስኪጨርስ ድረስ ወለዱን መንግሥት የሚከፍልለት ስለሆነ፣ ወለድ ሳይጀምር ከፍለው ለመጨረስ አስበው የሚወስዱም አሉ። የወለዱ ግዴታ ውሉ ውስጥ ያለ በመሆኑ ግን ይህም ክርክር አያጣም። ፈትዋ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሁኔታውን የሚያውቅ ዓሊም ይጠይቅ።

ሆኖም አንድ ነገር ማለት ይቻላል። የደሩራን አስተያየት የሚከተል ሰው እንኳ ደሩራው በልኩ ብቻ እንደሚታይ ያውቃል። ልጁ የሚፈልገው የትምህርት መስክ በገዛ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ በሲሶ ዋጋ እየተሰጠ፣ የስሙን ዝና ብቻ ፈልጎ ሌላ ስቴት ለመሄድ የሚወሰድ የወለድ ብድር አስገዳጅ ነው ብሎ ማስረዳት በጣም ይከብዳል። ለትምህርት መበደር አንድ ጥያቄ ነው፤ ለክፍያው ልዩነት መበደር ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ነው ብዙ ቤተሰብን በ18 ዓመት ልጅ ስም የአሥርና የሃያ ዓመት ዕዳ ውስጥ የሚከተው።

ልዩነቱን የሚቀንሱ ሕጋዊ በሮች

ደግነቱ ልዩነቱ የማይነቃነቅ ግንብ አይደለም። ስቴቶች ራሳቸው የከፈቷቸው በሮች አሉ፤ ችግሩ ብዙዎቹ በራሳቸው የማይመጡ፣ ጠይቆ የሚገኙ መሆናቸው ነው።

ለዲሲ ነዋሪ ትልቁ በር ዲሲ ታግ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ድጎማ ነው። ዲሲ ስቴት ስላልሆነች ያላት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንድ ብቻ ነው። ኮንግረስ በ1999 ባወጣው ሕግ የዲሲ ልጆች በመላ አሜሪካ ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሲማሩ የነዋሪና የውጪ ዋጋ ልዩነት እንዲደጎምላቸው ተደረገ። ድጎማው ለዓመታት በየዓመቱ እስከ 10,000 ዶላር ሲከፍል የቆየ ሲሆን፣ ብድር ስላልሆነ አይመለስም። የዕድሜና የገቢ ጣሪያ አለው፤ በየዓመቱ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ 12 ወር በዲሲ መኖርና በትምህርቱ ዘመንም የዲሲ ነዋሪ ሆኖ መቆየት ይጠይቃል። የቤት ኪራይ ሲወደድ ወደ ሜሪላንድ መሻገር የተለመደ ነው። ልጃቸው 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የሆነ ቤተሰቦች ከመሻገራቸው በፊት ይህን ገንዘብ ከኪራዩ ጋር አብረው ያስሉት። አንዳንዴ ርካሹ ቤት ውድ ሆኖ ይገኛል።

ለሌላው ደግሞ የአጎራባች ስቴቶች ስምምነቶች አሉ። በምዕራቡ ክፍል ያለው ስምምነት ዋሽንግተን ስቴትን፣ ኮሎራዶን፣ ኔቫዳን፣ አሪዞናን፣ ካሊፎርኒያንና ጎረቤቶቻቸውን ያቀፈ ነው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ውይ» ብለው ይጠሩታል። ተማሪው የነዋሪውን ዋጋ 150 በመቶ ብቻ ይከፍላል፤ ነዋሪው 10,000 የሚከፍል ከሆነ እሱ 15,000 ማለት ነው። የሲያትል፣ የዴንቨርና የላስ ቬጋስ ቤተሰቦቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው። ታላላቆቹ ግን አይሳተፉም፤ የሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ በዚህ ውስጥ የሉም። በመካከለኛው ምዕራብ ሚዙሪን፣ ነብራስካንና ካንሳስን የያዘ በተመሳሳይ የ150 በመቶ ጣሪያ የሚሠራ ስምምነት አለ። ሚኒሶታ ደግሞ ከዊስኮንሲን፣ ከኖርዝ ዳኮታና ከሳውዝ ዳኮታ ጋር የራሷ ውል ስላላት፣ የሚኒያፖሊስ ልጅ ማዲሰን ባለው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የውጪ ዋጋ አይከፍልም። ማመልከቻ ማስገባት ግን አለበት።

ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ልጆች የሚጠቅመው የደቡብ ስቴቶች ስምምነት ነው። ከ1974 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በልጁ ስቴት የማይሰጥ የትምህርት መስክ በሌላው ስቴት ካለና በዝርዝሩ ውስጥ ከተመዘገበ በነዋሪ ዋጋ እንዲማር ያደርጋል። ማረጋገጫው የሚጠየቀው ከሚሄድበት ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን መጀመሪያ ከራሱ ስቴት የከፍተኛ ትምህርት ቢሮ ነው። ተማሪው የትምህርት መስኩን ከቀየረ መብቱን ያጣል። ሐሳቡን በየሴሚስተሩ ለሚቀያይር ልጅ ይህ መንገድ አይመችም፤ ወላጅ ልጁን ያውቃል።

ስምምነት ሳያስፈልግም ዋጋው ዝቅ ያለባቸው ቦታዎች አሉ። ኖርዝ ካሮላይና በ2018 በጀመረችው ፕሮግራም ዛሬ አራት ዩኒቨርሲቲዎች ማለትም ኤሊዛቤት ሲቲ ስቴት፣ ፋየትቪል ስቴት፣ ዌስተርን ካሮላይናና በፔምብሮክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከስቴት ውጪ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 2,500 ዶላር ያስከፍላሉ። በዓመት 5,000 ማለት ነው። ልዩ ልዩ ክፍያዎች ቢጨመሩበትም በብዙ ስቴቶች ነዋሪ ከሚከፍለው ያንሳል። በሚኒሶታ የሞሪስ ካምፓስና ቤሚጂ ስቴት፣ በኖርዝ ዳኮታ ማይኖት ስቴት ለአሜሪካ ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዋጋ አላቸው። እነዚህ ስማቸው በየሰርግ ቤቱ የማይጠራ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ብርዱም ቀልድ አይደለም። ዕዳ ሳይኖርበት የሚመረቅ ልጅ ግን ከእነሱ ይወጣል።

ቴክሳስ ደግሞ ለየት ያለ ሕግ አላት። በውድድር የተገኘ ቢያንስ 1,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ከቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያገኘ የውጪ ተማሪ በነዋሪ ዋጋ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ እዚያ የምትገኝ 1,000 ዶላር ዋጋዋ ብዙ እጥፍ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጡት ሌሎች የውጤት ስኮላርሺፖችም ልዩነቱን በከፊል ወይም በሙሉ የሚያነሱበት ጊዜ አለ። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት ሰጣችሁን?» ብቻ ሳይሆን «ለስንት ዓመት? ውጤቱ ከስንት በታች ከወረደ ይቋረጣል?» የሚለው ነው። መልሱን በኢሜይል፣ በጽሑፍ ይቀበሉ። የመጀመሪያ ዓመት ስጦታ ሆኖ በሁለተኛው ዓመት የሚጠፋ ገንዘብ ቤተሰቡን መሐል መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ቤት አጠገብ ያለው አማራጭ

የራስ ስቴት ምን እንደሚሰጥ ሳይጠይቁ ወደ ውጪ ማየት ትክክል አይደለም። ሚኒሶታ ከ2024 መጸው ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው በዓመት ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ነዋሪዎቿ በመንግሥት ኮሌጆቿና ዩኒቨርሲቲዎቿ ከሌሎች ግራንቶች የሚተርፈውን የትምህርት ክፍያ ትሸፍናለች። ገቢው ከዚህ በታች የሆነ የሚኒያፖሊስ ቤተሰብ ልጁን በ30 ሺህ ዶላር ሌላ ስቴት ሲልክ የሚተወው ነገር ነፃ ትምህርት ነው። በሌሎች ስቴቶችም ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያሸጋግር ስምምነት አለ፤ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የሚያውቁት መንገድ ነው። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ስም ብቻ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን እንደ ውርደት የሚያዩ ወላጆች አሁንም መኖራቸው ግን ይገርመኛል።

ሌላ ስቴት መማር የግድ ከሆነ ለማስተርስ ማቆየቱ ይሻላል። በማስተርስና በፒኤችዲ ደረጃ የማስተማር ወይም የምርምር ረዳትነት የሚያገኙ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያቸው ተነስቶላቸው ወርሃዊ አበልም ያገኛሉ። ልዩነቱም በዚያው ይጠፋል።

የቀረውን በጥሬ ገንዘብ መሸፈን

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር ገንዘብ ይኖራል። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሴሚስተሩን ክፍያ በአራት ወይም አምስት ወር ከፋፍሎ የሚያስከፍል ፕላን አላቸው። ለመመዝገቢያ አነስተኛ ክፍያ ይጠየቃል እንጂ ወለድ የለውም። ሲዘገዩ የሚጨመረውን ቅጣት አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። እቁብም እዚህ ላይ ያገለግላል፤ ዕጣው ኦገስት ወይም ጃንዋሪ ላይ እንዲደርስ ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ተነጋግሮ ተራ የሚቀያየሩ ቤተሰቦች አሉ። ዕጣን በትርፍ መሸጥና መግዛት ከገባበት ግን ከሸሹት ወለድ ጋር እንደገና መገናኘት ነው። በአሜሪካ ለሙስሊም ተማሪዎች ያለ ወለድ የሚያበድር «ኤ ኮንቲኒዩየስ ቻሪቲ» የተባለ ድርጅት አለ። «ኢስላሚክ ስኮላርሺፕ ፈንድ» ደግሞ እንደ ጋዜጠኝነት፣ ሕግና ፊልም ባሉ መስኮች ለሚማሩ ሙስሊሞች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ተወዳዳሪው ብዙ ስለሆነ ቀኑን ሳያሳልፉ ማመልከት ነው። በየመስጂዱ ካሉ ቤተሰቦች መካከል አቅም ያላቸው ለአንድ ተማሪ አንድ ሴሚስተር በቀርዱል ሐሰን ቢያበድሩ፣ ተጽፎና ተመስክሮበት፣ ብዙ ጉድጓድ ይሞላል።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለሚመጡ

በኤፍ-1 ቪዛ የሚመጣ ተማሪ በአብዛኞቹ ስቴቶች ጊዜ በመቁጠር ብቻ ነዋሪ አይሆንም፤ ቪዛው የተሰጠው አገሩ እንደሚመለስ ተቆጥሮ ነውና። የፌዴራል እርዳታም አያገኝም። አይ-20 ለማግኘት የሚቀርበው የባንክ ማስረጃ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚያሳይ ነው፤ ክፍያው ግን አራት ዓመት ነው። ለአንደኛው ዓመት ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ፣ በሁለተኛው ዓመት ክፍያ ሲቋረጥ ልጁ ከትምህርቱም ከቪዛውም ይወጣል። ትምህርት ባለበት ጊዜ በካምፓስ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል፤ ይህ ገንዘብ የምግብ እንጂ የትምህርት ክፍያ አይሆንም። ለእነዚህ ልጆች የቴክሳሱ የ1,000 ዶላር ሕግ፣ የየዩኒቨርሲቲው የውጪ ተማሪ ስኮላርሺፕና የማስተርስ ረዳትነት ናቸው ዋና በሮቹ።

የነዋሪነት ማመልከቻና ይግባኝ

ዩኒቨርሲቲው ልጁን «የውጪ» ብሎ የመደበው በስህተት ከሆነ ዝም ብሎ መክፈል አያስፈልግም። በተለይ ቤተሰቡ በቅርቡ የተዛወረ፣ ወይም ልጁ ውጪ አገር ከሚኖር ወላጁ ጋር ቆይቶ የመጣ ከሆነ ሥርዓቱ በራሱ የውጪ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ጉዳዩ የሚታየው በአድሚሽን ወይም በሬጅስትራር ቢሮ በኩል ሲሆን፣ ማመልከቻው ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት መግባት አለበት። ዘግይቶ የመጣ ውሳኔ በአብዛኛው ለሚቀጥለው ሴሚስተር እንጂ ላለፈው አያገለግልም። የታክስ ሪተርኑን፣ የኪራይ ውሉንና የሥራ ደብዳቤውን ቀናቸው 12 ወሩን በሙሉ እንዲሸፍን አድርጎ ማያያዝ ይጠቅማል። መልሱ አሉታዊ ከሆነ ይግባኝ አለ፤ የይግባኙ ጊዜ ግን አጭር ስለሆነ የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ በደረሰበት ቀን ማየት ያስፈልጋል።